ወፎቹ እስኪነሡ

እናቴን ጀልባ ላይ ጭኜ ልወስዳት ነው ስል ጎረቤቱ ሁሉ «አበድሽ እንዴ?» አለኝ። ልቧ የደከመ፣ ዓይኗ የፈዘዘ፣ ከአልጋዋ ተነሥታ ወንበሯ ጋ እስክትደርስ መንገድ ላይ የምታርፍ ሴት ናት። እኔ አላበድኩም። ያበደችው እሷ ነበረች፤ እኔን ያቃተኝ እምቢ ማለት ነው። «ልጄን አምጥቼ አባቱ ጎን ሳላስተኛው አልሞትም» አለች። ሐኪሙ ደግሞ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ «ብዙ ጊዜ የላቸውም፤ የሚፈልጉትን ያድርጉላቸው» ብሎኛል። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡበት ሰው ምን ያደርጋል? ጀልባ ይፈልጋል።

ልጄ የምትለው ታናሽ ወንድሜን ነው። ቤት ውስጥ ዳክዬ ነበር የምንለው፤ በሕፃንነቱ ከሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ በልቅሶ ካልሆነ አይወጣም ነበር። አድጎም አልተወውም። መንገድ የማይደርስበት የባሕር ዳርቻ፣ የዱር እንስሳት የሚጠበቁበት ሥፍራ ሄዶ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። በዓመት አንዴ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ይመጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር ስታገል ውዬ እሱ ስለ ወፍ ሲያወራ ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። «ሰው ሚስት ያገባል፣ ቤት ይሠራል፤ አንተ የወፍ ሞግዚት ሆነህ ልትቀር ነው?» እለዋለሁ። ይስቃል። እማዬ ግን እሱ ሲያወራ ከአጠገቡ ንቅንቅ አትልም ነበር።

ባለፈው የማዕበል ወራት ሞተ። ትኩሳት ነው አሉን። ባልደረቦቹ በሬዲዮ እርዳታ ቢጠሩም ያንን ባሕር ደፍሮ የሚሻገር ጀልባ ጠፋ። ሲሞትም ሬሳውን ማሻገር አልተቻለምና እዚያው ቀበሩት። እኛ የሰማነው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። ለቅሶ ተቀመጥን፤ ግን ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ምን ለቅሶ ነው? ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እማዬ እንባ አልወጣትም። በሩን በሩን ታይ ነበር።

ከዚያ የፈቃድ ነገር መጣ። አጽም ቆፍሮ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩና ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ። አንዱ «ይሄ የጤና ጉዳይ ነው» ይላል፤ ሌላው «ቦታው የዱር እንስሳት ሥፍራ ስለሆነ የእንስሳት ጉዳይ ነው» ይላል። «ወንድሜ እንስሳ ነው እንዴ?» ብዬ ስጮህ በጥበቃ አስወጥተውኛል። በማግስቱ ተመልሼ ያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ፈቃዱ በእጄ ሲገባ ማዕበሉ አልፎ፣ ሙቀቱ ገብቶ፣ እማዬም እግሯ ማበጥ ጀምሮ ነበር።

አናጢው ሳጥን ሠራልን፤ የባሕሩ አሸዋ ከአጽም በቀር አያስቀርም ስላሉን ትንሽ፣ አንድ ሰው በብብቱ ሊሸከመው የሚችል። ውስጡን እኔ በነጭ ጨርቅ ለበጥኩት። እማዬ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ። «እዚህ ጋ ክሩ ቋጥሯል» አለች። «ይቆረቁረዋል።»

እኔ፣ ሰፈር የሚፈራት ምላሰኛ፣ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

አውቶቡሱን ተዉት። ሰው አይናገረውም። ከአውቶቡሱ ወርደን የጀልባ ነጂው ሲቀበለን እናቴን እንደ እንቁላል አቅፎ አነሣትና ከኋላ፣ ትራስ ደልድሎ አስቀመጣት። ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። ሳጥኑን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ሞተሩን አስነሣ።

ውሃው መጀመሪያ ጠባብ ነበር። በሁለት በኩል ሥራቸው እንደ ሸረሪት እግር ከጨው ውሃ ውስጥ የቆመ ዛፎች አሉ፤ ሥር ለሥር ቀይ ሸርጣኖች ይሯሯጣሉ። ከዚያ ውሃው ሰፋ፣ ሰማዩም ሰፋ፣ ያየሁትን ነገር ሁሉ ምን ብዬ እንደምጠራው አጣሁ።

«ምን አለ?» ትላለች እማዬ። ለእሷ ሁሉም ነገር ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው።

«ወፍ።»

«ምን ዓይነት ወፍ?»

«እኔ ምን አውቄ! ትልቅ ወፍ ነው፤ ከአገጩ ሥር ዘንቢል አንጠልጥሏል።»

«እሱ ዓሣ አፋሽ ነው። ዘንቢሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሣ ይሰበስባል። ከባዱን ይዞ ሲነሣ አያምርበትም፤ ከተነሣ በኋላ ግን ማን ይደርስበታል?» አለች። ቀጥላ ራሷ «ጥልቅ ብሎ የሚወጣ ጥቁር ጀርባ አላየሽም? ዶልፊን?» ስትል፣ እውነትም ከፊታችን ሁለት ጀርባ ብቅ ብሎ ጠለቀ። ከዔሊውም፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ከሚያንቀላፋው ሮዝ ወፍም ጋር አስተዋወቀችኝ። በሕይወቷ ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት! ዳክዬ በየዓመቱ ያወራላትን አንድ በአንድ ይዛዋለች። እኔ ያንን ሁሉ ወሬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው ነው የኖርኩት። በዚያች ሰዓት በእናቴ ቀናሁ፤ ምን ልዋሽ።

ጣቢያው በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በረንዳው ወደ ባሕሩ ያያል። ኃላፊው ወጥቶ ጠበቀን፤ ከወንድሜ የሚያንስ ቀጭን ወጣት፣ አፍንጫው ልክ እንደ ዳክዬ የተላጠ። እማዬን ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ወንድሜ የተኛበትን አልጋ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የሥራ ሸሚዙን፣ ጫማውን አሳየን። ማንም አልነካውም። እማዬ ሸሚዙን አውርዳ ፊቷ ላይ አደረገችው። ረጅም ጊዜ እንዲያ ቆየች።

ኃላፊው ያን ጊዜ ነው ሳጥኑን ያየው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አሁን ነው እንዴ... ዛሬ ልትወስዱት ነው የመጣችሁት?»

«ታዲያ ለሽርሽር መጣን?» አልኩት። ፈቃዱን አውጥቼ ሰጠሁት።

አነበበው። አጥፎ መለሰልኝ። «ፈቃዱ ልክ ነው። ማንም አይከለክላችሁም። ግን እማማ፣ እህቴ፣ ቁጭ በሉና ስሙኝ» አለ።

የነገረን ይህ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ የውሃ መተላለፊያዋ ማዶ፣ ረጅም የአሸዋ ሜዳ አለ። ጥቁር ቆብ የደፉ የሚመስሉ ነጫጭ የባሕር ወፎች በየዓመቱ መጥተው እዚያ ይፈለፍላሉ። ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰው እነሱን ሲጠብቅ ነው። ሲሞት ባልደረቦቹ ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለውን ጫፍ መርጠው ቀበሩት፤ ወፎቹ የሚሰፍሩት በሌላኛው ጫፍ ስለነበር ቦታው ነፃ ነው ብለው ነው። ጀልባ ያስቀረው ያ ማዕበል ግን ሌላኛውን ጫፍ ጠርጎ በላው። ወፎቹ ዘንድሮ ሲመጡ የቀረላቸው መሬት ያ ከፍ ያለው ብቻ ሆነ።

«ላዩ ላይ ናቸው» አለ ኃላፊው። «እንቁላል ታቅፈዋል። አንዳንዱም ፈልፍሏል።»

«መቃብሩ ላይ ምልክት የለም? ሐውልት፣ እንጨት፣ ምናምን?» አልኩ።

«የለም። ዙሪያውን ዛጎል ቀብረናል፤ ከአሸዋው እኩል ነው።»

«እንደ ውሻ ነዋ የቀበራችሁት!» ብዬ ጮህኩ። «አንድ እንጨት ማቆም አቃታችሁ? አንድ ድንጋይ? ይህን ያህል ዓመት አብሯችሁ በልቶ፣ አብሯችሁ ጠጥቶ?»

አልተቆጣም። «እህቴ፣ ሜዳው ላይ የቆመ ነገር ካለ ቁራ ያርፍበታል። እዚያ ላይ ሆኖ ጫጩት እየመረጠ ይለቅማል። ስለዚህ አንድም የቆመ ነገር አናስቀርም፤ ማዕበል ያመጣውን ግንድ እንኳ ጎትተን እናወጣለን። ደንቡን ያወጣው ራሱ ጋሼ ነው። እኛ ጋሼ ነበር የምንለው። ታሞ ተኝቶ እንኳ 'እንጨት እንዳታቆሙብኝ' ብሎናል።»

እማዬ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

«ብንቆፍር ምን ይሆናል?» አለች።

«ሰው መካከላቸው ከገባ ሁሉም በአንዴ ይነሣሉ፣ እማማ። ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ጆሮ ያደነቁራል። እነሱ ሲነሡ ቁራዎቹ ይወርዳሉ፤ ቁራ ያልበላውን ፀሐይ ይጨርሰዋል። እናቲቱ ካላጠለለችለት እንቁላሉ አሸዋው ላይ ይቀቀላል። ቆፍረን እስክንጨርስ የሚተርፍ የለም። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ቦታ የላቸውም።»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«የመጨረሻዎቹ ጫጩቶች ሲበሩ። ሁለት ወር... ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ያለኝ ጆሮዬ ውስጥ አቃጨለ። እማዬን አየኋት። እጇ ሸሚዙን ጨብጧል።

«ለእኔ ከሁሉም ልጄ ይቀድማል» አለች በመጨረሻ። «ቆፍሩ።»

ኃላፊው ተነሣ። ተቃውሞ እጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን አካፋውን ከግድግዳው አንሥቶ ወጣ፤ ሲወጣ ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አየሁት።

እማዬን በረንዳው ላይ፣ ወንድሜ ይቀመጥበት የነበረ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ሸሚዙን «በዚህ ጠቅልይው» ብላ ሰጠችኝ። ሳጥኑን ይዤ ከኃላፊው ጋር መተላለፊያዋን በእግር ተሻገርን፤ ውሃው ከጉልበት አይዘልም።

ሜዳውን ሳይ መጀመሪያ አሸዋው ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ከዚህ እስከዚያ፣ ዓይን እስከሚደርስ፣ ወፍ ነው። አንዱ ከሌላው ምንቃር ለምንቃር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ኃላፊው በጣቱ «እዚያ፣ መካከሉ ጋ» አለኝ። ከዛፎቹ ላይ ቁራዎች ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። ሥራ ፈት ሰዎች ፍርድ ቤት በር ላይ እንደሚጠብቁ ያለ አቀማመጥ ነው።

«ስጠኝ» ብዬ አካፋውን ከእጁ ቀማሁት። ሌላ ሰው እንዲገባ አልፈለግሁም። ከሆነ በእኔ እጅ ይሁን።

ዳር ላይ ያሉት ጥቂት ወፎች ተነሥተው ሻሼን ቆነጠሩኝ። ቀጠልኩ። ሁለት እርምጃ እንደገባሁ እግሬ ሥር አንዲት ወፍ አየሁ። አልተነሣችም። ክንፎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ አፏን በሙቀቱ ከፍታ፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከክንፏ ጥላ ሥር ገና እርጥበቱ ያልደረቀ፣ የሌሊት ልብስ የለበሰ የሚመስል ጫጩት ይርገበገባል። ጥላዬ ወደቀባት። አካፋው ከራሷ በላይ ነው። አየችኝ፤ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ፤ ግን አልተነሣችም።

ለወፍ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ዶሮ አርጄ፣ ገንፍዬ፣ በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያሰረኝ ሌላ ነው። ያ ዳክዬ፣ እኔ የወፍ ሞግዚት እያልኩ ስስቅበት የኖርኩት ልጅ፣ ለካ በየዓመቱ እዚህ ፀሐይ ላይ የቆመው ይህችን ለማየት ነበር። እስከዛሬ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። እግሬ ሊቀጥል እምቢ አለኝ። እግሬን ሰደብኩት፣ ራሴን ሰደብኩ፣ ወፏንም ሰደብኩ። ከዚያ በመጣሁበት ወደኋላዬ ተመለስኩ።

«ከወፎቹ ራቅ ካለ ቦታ አሸዋ አምጣልኝ» አልኩት ኃላፊውን።

«ምን?»

«አሸዋ! ሳጥኑ መክበድ አለበት።»

ገባው። «እህቴ፣ ይሄ ነገር... እናት እኮ ናቸው» አለ።

«የማን እናት? የአንተ እናት ናት? አምጣ ያልኩህን አምጣ!»

ከውሃው ዳር አሸዋ ዝቀን ሞላነው። የነጩ ጨርቅ ጥግ በእርጥበቱ ሲበሰብስ አየሁ። ሸሚዙን ጠቅልዬ ከላይ አለበስኩትና ክዳኑን በምስማር መታሁ። ቤት ወስጄ አባቴ ጎን እቀብረዋለሁ፤ እማዬ ዐርፋ ትሞታለች፤ ሁሉም ሲያልፍ ተመልሼ እውነተኛውን አመጣለሁ። ያሰብኩት ይህን ነው። ደግሞም መልካም ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

በረንዳው ላይ ሳጥኑን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«አመጣሽው?»

«አመጣሁት፣ እማዬ።»

መዳፏን ክዳኑ ላይ አኖረች። አላለቀሰችም። አላቀፈችውም። «እንሂድ» አለች ብቻ።

ጀልባው ከጣቢያው ጥቂት እንደራቀ ሽማግሌውን «አቁመው» አለችው። ሞተሩን አጠፋ። ውሃው ጀልባውን ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል።

«ወፎቹ አልጮሁም» አለች።

«ምን?»

«ያ ልጅ ሁሉም በአንዴ ይነሣሉ፣ እዚህ ድረስ ያደነቁራል አለኝ። ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቅ ነበር። ሲጮሁ ልጄ እንደወጣ አውቃለሁ ብዬ። አልጮሁም።» ወደ እኔ ዞረች፤ የፈዘዘ ዓይኗ ልክ ፊቴ ላይ አረፈ። «ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«አሸዋ» አልኩ።

በጥፊ አለችኝ። ይህን የሚያህል ሴት ሆኜ፣ በባዕድ ሰው ፊት! እጇ ኃይል አልነበረውም፤ ላባ እንደ ነካኝ ነው። ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ያመመኝ ጥፊ የለም።

«አሸዋ ልታስለቅሺኝ ነበር?» አለች። «ሰው ሁሉ ባለበት፣ አባትሽ ጎን፣ አሸዋ አቅፌ ልጄ ልል ነበር?»

«አልቻልኩም፣ እማዬ» ብዬ እንደ ሕፃን አነባሁ። «ገብቼ ነበር። እግሬን ባነሣ ጫጩት ነው፣ ባሳርፍ እንቁላል ነው። አልቻልኩም።»

ትንፋሿ አጥሮ ይሰማል። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሯል። በኋላ ወደ እሱ «መልሰኝ፣ አባቴ» አለችው።

ከነወንበሩ ተሸክመው አሻገሯት፤ ኃላፊው በአንድ በኩል፣ ሽማግሌው በአንድ በኩል፣ እኔ እግሯ ውሃ እንዳይነካ ቀሚሷን ይዤ። ወፎቹ ከማይደነግጡበት ዳር ላይ አስቀመጥናት። የክንፍና የጉሮሮ ድምፅ እንደ ገበያ ይሰማል።

«የምታዪውን ንገሪኝ። ደህና አድርገሽ» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ «እኔ ምን አውቄ» አላልኩም። የቆባቸውን ጥቁረት፣ የምንቃራቸውን ቀለም፣ አንዱ ዓሣ ይዞ ሲመጣ ሌላው እንዴት እንደሚነሣለት፣ ጫጩት ሲያምጽ እናቲቱ እንዴት ወደ ክንፏ እንደምትመልሰው፣ ሁሉን ነገርኳት። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

«የት ጋ ነው እሱ?»

«መካከሉ ጋ።»

«በላዩ ተኝተዋል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲህ አይበርደውም» አለች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ከሞቱ ጀምሮ ያልወረደው እንባ ሁሉ ወረደ። «አንተ ልጅ» አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ከሌላ ክፍል እንደምትጠራው ሁሉ። «በሕይወትህም ከእነዚህ ቀምቼ አላገኘሁህ፤ ሞተህም አላገኝህ?»

ኃላፊው ወንበሩ ሥር አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። እጇን ራሱ ላይ አደረገች።

«እስኪነሡ እጠብቃለሁ» አለች። «ከዚያ እሷ ትመጣለች፤ ትሰጣታለህ።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙ ምን እንዳለሽ አውቃለሁ። የፈዘዘው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ኮሪደር ላይ ነው የነገረሽ፤ በሩ ደግሞ ገርበብ ብሎ ነበር። ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። እስክሞት ድረስ እውነቱን ብቻ ነው የምትነግሪኝ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ።

ሳጥኑን እዚያው ዳር ደፋነው፤ አሸዋው ወደ አሸዋው ተመለሰ። ሸሚዙን ግን ይዛው ሄደች።

ቤት ከገባን በኋላ እማዬ በየጠዋቱ ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ አንድ ሆነ፤ «ተነሡ?» ኃላፊው ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ እየወጣ ይደውልልኛል። እንቁላሉ ሁሉ ተፈለፈለ። ጫጩቶቹ ውሃው ዳር ወረዱ። አንዳንዶቹ ክንፋቸውን መሞከር ጀመሩ። የሰማሁትን ሳልቀንስ ሳልጨምር ለእማዬ እነግራታለሁ። «ቁራስ?» ትለኛለች። «ሁለት ወሰደ።» «እሱን ቁራ! ልጆቹ ተኝተው ነበር?» ትላለች፤ ልጆቹ የምትለው ጠባቂዎቹን ነው። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ነገሩን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ለወፍ ብላ የልጇን አጽም ሳታይ ልትቀር!» አለች አንዷ ከበር ሳትወጣ። መቀሴን ይዤ ተከትያት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣችም።

ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሌት ተቀን ያንኑ ነበር የማስበው። እማዬ እየቀለለች ሄደች። ምግብ ቀረ፣ ከዚያ ወንበሩ ቀረ፣ ከዚያ ንግግሩ አጠረ። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አያትና በዓይኑ ነገረኝ። በማግስቱ ጠዋት ሲደውል ኃላፊው «ትልልቆቹ ተነሥተዋል፤ ዘግይተው የተፈለፈሉ ጥቂት ቀርተዋል። ገና ክንፋቸው አልጠናም» አለኝ።

አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ገለጠች።

«ተነሡ?»

አዎ ልላት ነበር። አዎ፣ ተነሥተዋል፣ ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ፣ አንቺ ብቻ ጠብቂኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ያች ቃል ምን ያህል ቀላል እንደነበረች! ፊቷን እያየሁ ዋጥኳት።

«አልተነሡም፣ እማዬ። ትንንሾቹ ቀርተዋል። መብረር አልቻሉም።»

ብዙ ቆይታ ፈገግ አለች። «አንቺም ለመራመድ ዘግይተሽ ነበር» አለች። «አባትሽ ልጅቷ ሽባ ናት ብሎ ሊያሳብደኝ። ታገሻቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሞተች። እጇ ውስጥ የነበረውን ሸሚዝ ማስለቀቅ ስላልቻልን አብሯት ተቀበረ። አባቴ ጎን ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር። በአንዱ እሷን አስተኛናት፤ ሌላው እንዳለ ቀረ።

ከቀብር ማግስት ሰው ሁሉ ቤቱን ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ኃላፊው ነው። እየሮጠ ኮረብታውን እንደወጣ ትንፋሹ ይናገራል። ከጀርባው ነፋስ ብቻ ይሰማል።

«እህቴ! ተነሡ! ዛሬ ጠዋት የመጨረሻዎቹም ተነሡ፤ ሜዳው ባዶ ነው! እማማን ያገናኙኝ፤ እባክዎ እኔ ራሴ ልንገራቸው!»

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እዋሻለሁ ብል እንኳ ለማን ብዬ?

«ትናንት ቀበርናት» አልኩት።

ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። ግድግዳውን ተደግፌ እስኪጨርስ ጠበቅሁት፤ እኔም ጨረስኩ።

«ሁሉም በረሩ?» አልኩት በኋላ። «የዘገዩትም?»

«ሁሉም፣ እህቴ። አንድም አልቀረ።»

«ደህና» አልኩ። «በል አካፋውን አዘጋጅ። ነገ እመጣለሁ።»